ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን ለጎጃም ምን ትተው ሄዱ? ረቂቋን አርሙልን

የሞጣ_ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጤና ክበብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ስለ ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን እየተዘጋጀ ነው፤ ፊስቱላ ያለባቸውን፣ ማለትም በምጥ ጉዳት ፊኛቸው ተቀዶ ሽንት የሚፈስሳቸውን ሴቶች ሲያክሙ የኖሩት ሐኪም ናቸው። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «በ1951 አዲስ አበባ መጡ። በ1967 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ የባሕር ዳሩንም ያን ጊዜ አቋቋሙ። ፊስቱላ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚያመጣው በሽታ ነው። በቀዶ ሕክምና ይድናል። በ2012 አረፉ።» ይኸው ነው ሙሉው። ስህተቱን አርሙ፣ የጎደለውን ሙሉ። ውዳሴ ይቅር፤ ተማሪዋ ቤቷ ገብታ ለእናቷ ወይም ለአክስቷ የምትነግረው ቁም ነገር ይኑረው።

ጣና_ዳር፦
ከቀኖቹ ልጀምር። ካትሪን የተወለዱት ሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ ጥር 15 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 24 ጃንዋሪ 1924። አዲስ አበባ የመጡት በ1959 እ.ኤ.አ. ስለሆነ 1951 ማለታችሁ ልክ ነው። ብቻቸውን ግን አልመጡም። ባላቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ሐምሊን ኒውዚላንዳዊ ናቸው፤ ሁለቱም የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። የተቀጠሩት ለሦስት ዓመት፣ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል፣ የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። ይቺን አትዝለሏት። ሰዎቹ ሲመጡ ለፊስቱላ ብለው አይደለም፤ ከመምጣታቸው በፊት ይህን ጉዳት አይተውትም አያውቁም ነበር። ቀዶ ሕክምናውን የተማሩት ሌሎች የጻፉትን እያነበቡ ነው፤ በተለይ የግብፁ ሐኪም ናጊብ ማህፉዝ የጻፉትን።

ሆስፒታሉ የተመሠረተው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ወደኛ ስትቀይሩት በ66 እና በ67 መካከል ስለሚዋልል የፈረንጁን ጻፉ። ባሕር ዳርን ያን ጊዜ ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። የባሕር ዳሩ ማእከል የተከፈተው በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ካሉት አምስት ማእከላት የመጀመሪያው እሱ ነው፤ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ። በነዚያ 30 ዓመታት የጎጃም ሴት ሽንቷ እየፈሰሰ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ተሻግራ ነበር የምትታከመው፤ ከገጠር እስከ አስፋልቱ ያለውን ሳንቆጥር። ሾፌር «ወንበሬ ይበላሻል» ብሎ ያወርዳታል፣ ተሳፋሪም ያጉረመርማል።

ሬጂናልድ በ1993 እ.ኤ.አ. አረፉ። ካትሪን ደግሞ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በ96 ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ባለው ቤታቸው። አንድ ወጥመድ አለ፦ የክብር የኢትዮጵያ ዜግነት ያገኙት «2012» ነው፣ ያረፉትም «2012» ነው። አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የኛ። እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. ካልለያችሁ ዜግነቱን ለሬሳ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ሲስተር_ዘቡሬ፦
ቀኑን ጣና ዳር ጨርሶታል፤ እኔ «ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚያመጣው በሽታ» በሚለው ላይ ነው የምቆመው። ከረቂቁ ሁሉ አደገኛው መስመር እሱ ነው። ፊስቱላን የሚያመጣው የታፈነ፣ የተራዘመ ምጥ ነው። የልጁ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር የሽንት ፊኛው በዳሌው የፊት አጥንትና በልጁ ጭንቅላት መካከል ይደፈጠጣል። ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይሞታል። የሞተው ሥጋ ደግሞ ያን ዕለት አይወድቅም፤ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚላቀቀው። ስለዚህ ሽንቱ መፍሰስ የሚጀምረው ሴትዮዋ «ተረፈች» ተብሎ ገንፎ ከተበላ በኋላ ነው። ልጁ በአብዛኛው ሞቶ ነው የሚወለደው። ከኋላ በኩል ከደፈጠጠ ደግሞ ዓይነ ምድርም በዚያው ያመልጣል።

የዳሌዋ አጥንት ያልሰፋ ልጅ ብታረግዝ ምጡ የመታፈን ዕድሉ ይጨምራል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ግን አራትና አምስት ወልዳ ስድስተኛው አግድም የመጣባት እናትም ፊስቱላ ይይዛታል። ግድግዳው ላይ «የሕፃናት ሙሽሮች በሽታ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የ30 ዓመቷ እናት «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ታልፈዋለች።

የጮቄ_ንፋስ፦
ሲስተር፣ ይሄን ስንል ግን ጋብቻውን እንዳናቀለው። ጎጃም ውስጥ ልጅ መዳሩ አሁንም አለ።

ሲስተር_ዘቡሬ፦
ማንም አላቀለለውም። «ምጥ ሲታፈንና ሐኪም ቤት ሳይደረስ ሲቀር» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ «ገና ባልጠና ሰውነት ሲሆን ይብሳል» በሉ። ቅደም ተከተሉ ነው እንጂ ሁለቱም ይጻፋል።

አዋላጅ_ዘደጀን፦
«በቀዶ ሕክምና ይድናል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የምትመጣ አንዲት ዕድል አለች፤ ብዙ ጤና ጣቢያ ላይ የምትባክነው እሷ ናት። ምጧ ረዝሞ ታፍኖ የቆየች እናት በምንም መንገድ ትውለድ፣ በኦፕራሲዮንም በመሣሪያም፣ የሽንት ካቴተር ወዲያው ገብቶላት መቆየት አለበት። ሕዝቡ «ጎማ» የሚለው፣ ሽንት ከፊኛው የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ ነው። 16 ቁጥር፣ ፎሌ የሚባለው ዓይነት፣ ፊኛው ውስጥ የሚይዘው ኳስ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ። ባትፈስም እስከ 14 ቀን ይቆያል። ፊኛው ባዶ ሆኖ ሲያርፍ የተጎዳው ሥጋ የመዳን ዕድል ያገኛል። መፍሰስ ጀምሮ ከሆነና ቁስሉ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ያለ ቢላ ሊገጥም ይችላል።

ከጎማው ጋር ሁለት ነገር ይሄዳል። ውሃ፦ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር። በሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ተኩል ነው፤ ለገጠር እናት ሊትር ከምትነግሯት ሃይላንድ አሳዩዋት። ሁለተኛ፣ ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ በቀን ሁለቴ መዘፍዘፍ፣ የሞተው ሥጋ እንዲጸዳ።

የት ይበላሻል? «ወልደሻል፣ ደኅና ነሽ» ተብላ በሁለተኛው ቀን ጎማው ይነቀልና ትሸኛለች። በሳምንቱ መፍሰስ ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ደግሞ አራስ ናትና ከቤት አትወጣም፤ ልጇም ስለሞተ ሐዘን ነው። የክርስትናው ቀን አይኖርም፣ ጠያቂውም ይሳሳል። ትኩስነቱ እንዲህ ያልፋል።

ግሽ_ዓባይ፦
ጥሩ። ግን ጎማው የሚገባው ጤና ጣቢያ ለደረሰችው ነው። ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ያለውንስ? እንደሚታወቀው የመዘግየቱ በር ሦስት ነው፦ ቤት ውስጥ መወሰን፣ መንገዱ፣ ከደረሱ በኋላ ሐኪም ቤቱ ውስጥ መጠበቅ። ጎጃም ላይ እንያቸው።

ቤት ውስጥ፦ ውሳኔው ከባልና ከአማት እጅ ነው። «ትንሽ እንጠብቅ፣ እኔም ሁለት ቀን አምጬ ነው የወለድኩት» የሚለው የአማት ቃል ስንቷን አስቀርቷል። ምጥ የያዛት ሴት ሌሊቱን አድራ ሲነጋ ካልወለደች ቀን አይቆጠርም፣ ይወጣል። ይሄን ለተማሪዎቹ በዚሁ ቋንቋ ጻፉላቸው።

መንገዱ፦ የዓባይ ቆላ ቀበሌዎች ክረምት ላይ አምቡላንስ አይገባባቸውም። ስለዚህ ቃሬዛ ነው። ቃሬዛ ደግሞ ሰው ይፈልጋል፦ አራት ተሸካሚ፣ አራት ተቀባይ፣ ዳገት ከሆነ ተጨማሪ አራት። የቀበሌው እድር የቃሬዛ ተረኞችን ስም አስቀድሞ ካልያዘ በሌሊት በየደጁ ሲጮህ አንድ ሰዓት ያልቃል። ቃሬዛውም ቀብር ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጠፍሩ በስብሶ ይገኛል። ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ ጠፍሩ ይታይ።

የሚሻለው ግን ጭራሽ መሸከም እንዳያስፈልግ ነው፦ የእናቶች ማቆያ። መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጤና ጣቢያው አጠገብ ትገባለች። ብዙዎች የማይገቡት ምግቡ ስለማይስማማቸውና «ማን እንጀራ ይጋግራል፣ ማን ከብት ያያል» ስለሚሉ ነው። ጤፉና ሽሮው ከቀበሌ ተዋጥቶ፣ ገንፎና ቡና እዚያው ሲፈላ ማቆያው ይሞላል፤ አልጋ ብቻ ያለው ማቆያ ባዶውን ይከርማል።

ሲስተር_ዘቡሬ፦
ሦስተኛውን በር ዘለልከው፣ ወንድሜ። ጤና ጣቢያ ደርሳም ትዘገያለች። ፓርቶግራፍ የሚባለው የምጥ መከታተያ ወረቀት ለዚህ ነው የተሠራው። የልጁ ልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማኅፀን በር በየ4 ሰዓቱ ይመዘገባል። በሩ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እንዲከፈት ይጠበቃል፤ ነጥቡ የማስጠንቀቂያውን መስመር ሲያልፍ ሪፈር ማሰብ ነው፣ ከእሱ 4 ሰዓት ወደቀኝ ያለውን መስመር ሲነካ አንድ ነገር መደረግ አለበት። አዲሱ የዓለም ጤና ድርጅት መከታተያ ከ5 ሴንቲ ሜትር ነው የሚጀምረው፣ አሠራሩም ይለያል፤ የድሮው ከ4። ዋናው ስህተት ግን የመስመሩ ዓይነት አይደለም፤ ወረቀቱ ከወለደች በኋላ ለሪፖርት ተብሎ መሞላቱ ነው። ነጥቦቹ ሁሉ በሽቅድምድም የተሰመሩ ይመስል መስመር ላይ ተደርድረው ካየህ ያ ወረቀት በልቦለድ ክፍል ይመደብ።

ጣና_ዳር፦
ሃሃ፣ ልክ ነሽ ሲስተር። እዚህ ላይ ነው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የሚገባው። በ2007 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከገጠር የተመለመሉ ሴት ተማሪዎች አራት ዓመት ተምረው በዲግሪ ይመረቃሉ፣ ከዚያ በመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። እንግዲህ ቁጠሩ፦ በ1959 እ.ኤ.አ. ለአዋላጆች ትምህርት ቤት ተቀጥረው የመጡት ሴትዮ በስማቸው የሚጠራውን የአዋላጆች ኮሌጅ ሲከፍቱ 48 ዓመት አልፏል። በመካከል ያለው ሁሉ የተሰነጠቀውን መስፋት ነበር። ገጹ ላይ አንድ ነገር በትልቁ ይጻፍ ካላችሁ ይሄ ይጻፍ።

የጮቄ_ንፋስ፦
ፊስቱላ ያለባት ሴት ባሕር ዳር ስትደርስ ምን ይደረግላታል? ተማሪዎቹ ይጠይቃሉ። «ይቆርጡሻል» እየተባለ የሚያስፈራራ አለ።

ባለጋውን_ዘባሕርዳር፦
በአጭሩ። በመጀመሪያ ይመረመራል። አጠራጣሪ ከሆነ የቀለም ምርመራ አለ፦ ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ፈሳሽ በጎማ ፊኛው ውስጥ ይገባል፣ በብልቷ ሦስት ጥጥ ይቀመጣል። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው ፊኛው ላይ ነው። ጥጡ ረጥቦ ቀለም ከሌለው ሽንቱ ከኩላሊት በሚወርደው ቱቦ በኩል ነው የሚመጣው፤ ይሄ ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን ወቅት የደረሰ ጉዳት ሲሆን ሥራውም ሌላ ነው።

ቀጥሎ ሰውነቷ ይዘጋጃል። ደም ማነስ፣ የከሳ ሰውነት፣ በሽንት ጨው የተላጠ ጭን፣ ወስፋት። ይሄ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ «ዛሬ ገብታ ነገ ለምን አልተሠራላትም» ብሎ ዘመድ የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቹ እግራቸው ወደ ላይ አይነሳም፣ ጣታቸው መሬት ይጎትታል፤ በምጡ ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ነርቩን ስለተጫነው ነው። ተኮራምታ ለወራት የተኛች ደግሞ ጉልበቷ ይቆለፋል። እነዚህ ፊዚዮቴራፒ ይፈልጋሉ።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ሳይከፈት በብልት በኩል ነው። ማደንዘዣው በወገብ የሚወጋው ነው፤ ከወገብ በታች ይደነዝዛል፣ አትተኛም። ሐኪሙ ፊኛውን ከተጣበቀበት ያላቅቃል፣ ሳይወጠር ይሰፋል፣ በቀለም ይፈትሻል። ወጥሮ የተሰፋ ይተረተራል። የሚቆረጥ ነገር የለም፣ መስፋት ነው። ከክፍያ ነጻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀዳዳው ተገጥሞም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ፤ ሲያስሉ፣ ሲነሱ። የሽንት መቆጣጠሪያው ራሱ ስለተጎዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባሕር ዳር ይሠሩ የነበሩት አውስትራሊያዊው ዶ/ር አንድሩ ብራውኒንግ በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ ከሴትዮዋ ከራሷ ጡንቻ መቀነት መሳይ ወስዶ የሽንት ቱቦውን መደገፍ፣ በዚያው በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን። ስለዚህ «ተገጠመ» እና «ደረቀ» ሁለት ቃል ናቸው። «ይድናል» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ያቺ ሴት «እኔ ብቻ ነኝ ያልዳንኩት» ብላ ተደብቃ ትቀራለች። መመለስ ትችላለች፣ መመለስም አለባት።

አዋላጅ_ዘደጀን፦
ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለውን ደግሞ ዘመድ ይስማ። አስታማሚ የሚያጠፋው ጥፋት ከሐኪሙ አያንስም። ጎማው በተለምዶ 14 ቀን ይቆያል፤ ቀላል ለሆነ ቀዳዳ የዓለም ጤና ድርጅት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል ይላል። በነዚህ ቀናት ጠላቱ የጎማ መዘጋት ነው። ጎማው ታጥፎ ወይም በደም ቋጠሮ ተዘግቶ ፊኛው ከሞላ፣ ስፌቱ ይለቅቃል፤ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት።

ምልክቱ ቀላል ነው። ጎማው መንጠባጠብ አቁሟል፣ ወይም አልጋው ረጥቧል፣ ወይም «ሆዴን ወጠረኝ» ትላለች። ያን ጊዜ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በመጀመሪያ መታጠፉ፣ ጭኗ ሥር መግባቱ ይታያል፣ ነርሷ ትጠራለች። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከአልጋው በታች። ጎማውን አስሮ «ትንሽ ትረፍ» የሚል አስታማሚ አለ፤ በፍጹም። ሽንቷ ውሃ መምሰል አለበት። ቢጫ ከሆነ አልጠጣችም።

የሞጣ_ልጅ፦
እንዴት አትጠጣም? ይሄን ያህል ከተነገራት?

ሲስተር_ዘቡሬ፦
ዓመታት የኖረችበትን ልማድ አስብ። ፊስቱላ ያለባት ሴት የሚፈስሳት እንዲቀንስ ብላ ውሃ መጠጣት ታቆማለች። ብልህነት ይመስላል፣ ግን የጠቆረ ሽንት ቆዳዋን ይልጣል፣ ሽታውም ይብሳል፣ ድንጋይም ይሠራል። ፊኛው ላይ ድንጋይ ካለ ደግሞ ቀዳዳው የሚሰፋው ድንጋዩ ወጥቶ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና ቤቷ ሳለች፣ ቀጠሮ ስትጠብቅ፣ «እየፈሰሰም ቢሆን ጠጪ» ማለት ነው። በየጊዜው በውሃ ታጥባ፣ አድርቃ ቫዝሊን ትቀባ፤ ቁራጭ ጨርቁን እያጠበች በፀሐይ ታስጣ። እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ግድግዳው ላይ ይግቡ።

የጮቄ_ንፋስ፦
ጠበሉንስ? ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ጠበል ነው። ክፉ አድርጋችሁ እንዳትጽፉት እንጂ።

ግሽ_ዓባይ፦
በክፉ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፤ የጎጃም ሰው ጠበሉን አትንኩብኝ ነው የሚለው፣ እውነትም አለው። የሚሠራው መንገድ የነፍስ አባት ነው። ቄሱ «ጠበሉንም ጠጪ፣ ባሕር ዳርም ሂጂ» ካሏት ትሄዳለች፤ ጠበል መጠጣቱማ ለአዋላጅ ዘደጀን ሊትርም ይጠቅማል። የተደበቀችው ሴት የት እንዳለችም ከጤና ኤክስቴንሽኗ ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያቆመችውን ቄሱ ያውቃሉ። ሰው «ርኩስ ነሽ» ስላላት ሳይሆን ራሷ አፍራ ነው የምትቀረው።

ባለጋውን_ዘባሕርዳር፦
ማሚቱ ጋሼን አትርሱ። ወይዘሮ ማሚቱ ራሳቸው በፊስቱላ ተጎድተው ወደ ሐምሊኖቹ የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤት አልገቡም። አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ዕቃ በማቀበል፣ በኋላ ራሳቸው የሚሰፉ ሆኑ፤ ለመማር የመጡ ሐኪሞችን እጅ ያስተካክሉ ነበር። ገጹ ላይ የካትሪን ፎቶ ብቻ ከተለጠፈ ተማሪዋ «ፈረንጅ መጥታ አዳነችን» ብላ ትሄዳለች።

የጮቄ_ንፋስ፦
ይሄ ከሁሉ በለጠብኝ።

አዋላጅ_ዘደጀን፦
ቤቷ ስትመለስ ያለውን ጨምሩ፣ የሚዘለለው እሱ ነው። አዲስ ልብስ ለብሳ፣ ደርቃ ትመለሳለች፤ በሳምንቱ እንስራ ትሸከማለች። እንስራ፣ ማገዶ፣ ሙቀጫ ለ3 ወር አይሆንም። ከባሏ ጋርም ቢያንስ 3 ወር ይለያል፤ ይሄን ለእሷ ብቻ ነግሮ መሸኘት ዋጋ የለውም፣ ባልየው ፊት ይነገር። የታችኛውን ጡንቻ ታጠንክር፦ ሽንት ስታቋርጥ እንደምታደርገው ጨምቃ እስከ 5 መቁጠር፣ መልቀቅ፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ጡት እያጠባች፣ ወጥ እየሠራችም ይቻላል። ካረገዘች ደግሞ ቤት መውለድ የለም፣ ጤና ጣቢያም አይበቃትም፤ በኦፕራሲዮን፣ ሆስፒታል። በስምንተኛው ወር መጨረሻ ማቆያ ትግባ። በምጥ ከተመለሰች የተሰፋው እንደገና ይቀደዳል፤ ሁለተኛው ስፌት ከመጀመሪያው ይከብዳል።

የሞጣ_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ረቂቁን ከላይ እስከ ታች ቀይረነዋል። «በሽታ» የሚለው «ጉዳት» ሆኗል፣ ማሚቱ ገብተዋል፣ ሃይላንዷም በሥዕል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዲት ሴት ከገጠር ስትላክ የሪፈር ወረቀቷ ላይ ምን ይጻፍ? አንዳንዱ «ሽንት ያመልጣታል» ብቻ ብሎ ነው የሚልከው።

ባለጋውን_ዘባሕርዳር፦
ይኸው፦ የወለደችበት ቀን (ትኩስ መሆኑ የሚለየው በዚህ ነው)፣ ምጡ ስንት ቀን እንደቆየ፣ በምን እንደወለደች፣ መፍሰስ የጀመረበት ቀን፣ ሽንት ብቻ ነው ወይስ ዓይነ ምድርም፣ ጎማ ገብቶላት ከሆነ የገባበት ቀን፣ ከዚህ በፊት ተሰፍቶላት ከሆነ የትና ስንት ጊዜ። ገና 4 ሳምንት ካልሞላት ጎማውን እዚያው አስገብታችሁ፣ ውሃ አስይዛችሁ ላኩ እንጂ «እዚያ ያስገቡላታል» ብላችሁ አትላኩ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ከሆነም ጎማው ከሁሉ በፊት ይግባ፤ እሷ ብትዘገይ እሱ ሥራውን ይጀምራል። ከረጢቱን በቀሚሷ ሥር ጭኗ ላይ እሰሩላት፣ ከፊኛዋ በታች እንዲሆን፤ በአውቶቡሱ ማንም አያይባትም። የሚሸኛት ሰው ስልክ ወረቀቱ ላይ ይኑር፣ የባሏ ብቻ አይሁን።